የእትየ አንጓች ዝክር

ትናንት ሰኞ ለሐያት የሰጠኋት ሰሃን እንደተከደነ ተመለሰልኝ። "አላህ ይስጥልኝ እትየ፣ ጠግቤያለሁ" አለች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ። ሐያት ከእስቴ ገጠር መጥታ ግቢዬ ውስጥ ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ የምትኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የቀለም ልጅ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ከሰል ስታቀጣጥል አላየኋትም፤ ከቤቷም የሽንኩርት ሽታ ወጥቶ አያውቅም።

"ጠግቤያለሁ" የምትለውን ነገር እኔ አውቃታለሁ። የጠገበ ሰው የቀረበለትን ከፍቶ ያያል፣ ያመሰግናል፣ ትንሽም ቢሆን ይቀምሳል። ሰሃኑን ሳያይ የሚመልስ የራበው ነው፤ ካየው እጁ አይታዘዝለትማ። ስለዚህ "ኧረ ዛሬ ተክለሃይማኖት ነው፣ ጸበል ጻዲቅ እምቢ አይባልም" ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ስሟ ትዝ አለኝና ዋጥ አደረግሁት። ለሙስሊም ልጅ የተክለሃይማኖት ዝክር ምን ያደርግላታል። ሰሃኔን ይዤ ቤቴ ገባሁና ብቻዬን ሳቅሁ። "እትየ አንጓች፣ እስቲ አሁን አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" አልሁ። እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ የጉና ልጅ ነኝ። የእኛ መንደር ከጉና ወገብ ላይ ነው፤ ከገብስና ከድንች በቀር የሚበቅል ነገር የለም፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ይገባል። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደብረ ታቦር ወርጄ እትየ አንጓች ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አብራኝ የምትኖረው ስመኝ የምትባል የእብናት ልጅ ነበረች፤ ሳቂታ፣ እንቅልፋም፣ ሒሳብ ላይ ግን እሳት። እትየ አንጓች ገበያ ላይ ብቅልና ጌሾ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ምላሳቸው ጌሾውን ያስንቃል። መብራት ስናበራ ይቆጡናል፣ ውኃ ስናፈስ ይቆጡናል፣ ስንስቅማ አይጣል ነው። "ምን ያስገለፍጣችኋል? ፈተናው ቀልድ መሰላችሁ?" ይሉናል። በሩን ከፍተን ስንወጣ ደግሞ "ፍየልና ተማሪ በር መዝጋት አያውቁም" ይሉና እየተነጫነጩ ራሳቸው ይዘጉታል። እኔና ስመኝ እንፈራቸው ነበር። በሌሉበት ደግሞ ድምፃቸውን እያስመሰልን እንሥቅባቸው ነበር። ተማሪ ምን አለበት።

የምንበላው ከየአገራችን የሚመጣልንን ስንቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሴ በየቅዳሜ ገበያው የገብስ እንጀራ፣ በሶና ድንች ተሸክሞ ይወርድልኛል። ለስመኝ ደግሞ የማሽላ እንጀራና ድርቆሽ በመኪና ይላክላታል። ሁለቱን እናደባልቃለን። የተቀቀለውን ትኩስ ድንች በድልህ እየነካካን፣ ከንፈራችን እየተቃጠለ፣ "ድንች ባይኖር ጉናን ማን ያውቃት ነበር" ትለኛለች ስመኝ። እኔም ስለ እብናት ፀሐይ አንድ ነገር እመልስላታለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የጣፈጠ ነገር የበላሁ አይመስለኝም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሆንሁበት ዓመት ግን ጉና ላይ ውርጭ ወረደ፤ እሸቱን ገብስ ባንድ ሌሊት አቃጠለው። ሁዳዴን እንደምንም ገፋን። ከፋሲካ በኋላ ደሴ ሲመጣ ስልቻው ግማሹ ቆሎ ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም። ግቢው በር ላይ ቁጭ አለና ዱላውን እያገላበጠ ተናገረ።

"አባየ እንዲህ ብለዋል። ይኸ እስኪያልቅ ትማር፤ ሲያልቅ መጥተህ ውሰዳት። ከርሞ እግዜር ካለ ትመለሳለች።"

ከርሞ። የብሔራዊ ፈተናው የቀረው አንድ ወር ከምናምን ነው። በመንደራችን "ከርሞ" ብላ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት ልጅ፣ ከርሞ ሲመጣ አንድም ተድራለች፣ አንድም ልጅ አዝላለች። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጎተራቸው ነው ባዶ የሆነባቸው። እኔ ግን ከሄድሁ እንደማልመለስ ልቤ ያውቀዋል። ስለዚህ ቆሎውን ላስረዝመው ቆረጥሁ፤ ጧት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ። የስመኝም ስንቅ ያን ያህል አልነበረምና እንጀራዋን ስትዘረጋ "ጠግቤያለሁ" እያልሁ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። ፊደሉ ይዋኝብኛል። ስመኝ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አኮረፈች። ክፍላችን ጸጥ አለ።

እትየ አንጓችን ያነቃቸው ጸጥታው ነው። በኋላ ሲናገሩ እንደሰማሁት፣ "ተማሪ ካልሳቀ አንድም ታሟል፣ አንድም ርቦታል" ባይ ነበሩ። እኔም በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ይኸን አባባላቸውን ሲሳሳት አላየሁትም። የሚያስቸግር ተማሪ ጤነኛ ነው። እኔ የምፈራው ድንገት ጨዋ የሆነውን ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ምስር ወጥ ያለበት እንጀራ ይዘው ገቡ።

"ነይ ብዪ።"

"ጠግቤያለሁ፣ እትየ።"

"የምን ጥጋብ ነው እሳት ካልነደደበት ቤት?"

"አባየ የሰው እጅ አትዪ ብለውኛል።"

ፊታቸው ልውጥ አለ። "እንግዲያው የጉና ኩራትሽ ያብላሽ" አሉና ሰሃናቸውን ይዘው ወጡ። ሽታው ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ግድግዳውን አቅፌ አለቀስሁ። ኩራቴ እውነተኛ ነበር፤ ድሀ ተማሪ ከኩራቱ በቀር የራሱ የሚለው ነገር የለውም። ልትረዳው ብለህ እሱን ከረገጥህበት፣ ያጎረስኸው እንጀራ ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው እንደ ቅዳሴ ዲያቆን ኮስተር ብሏል።

"ዛሬ ሚካኤል ነው። ዝክር አለብኝ። በስመ አብ በዪና ጸበል ጻዲቅ ቅመሺ።"

እንግዲህ ይኸን ማን እምቢ ይላል? እናቴ ጠላት ካለችው ሰው ቤት እንኳ ቢሆን ጸበል ጻዲቅ ሳትቀምስ አትወጣም። የቅዱሱ ነው እንጂ የሰው አይደለም፤ የሰው እጅ ማየትም አይባልም። ተነሥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ተቀበልሁ። "ቅመሺ" ያሉት አንድ እንጀራ ሙሉ ነበር። እስክጨርስ በሩን ተደግፈው ስለ ብቅል ዋጋ አወሩኝ።

ሚካኤል አለፈ፣ አቡነ አረጋዊ መጡ። ቂርቆስ መጣ፣ ኪዳነ ምሕረት መጣች። እስጢፋኖስ፣ ገብርኤል፣ ዑራኤል፣ ጊዮርጊስ። ሰማዕቱም ጻድቁም በየተራው ሰሃን ይዞ ደጃችን ይቆማል። "ያችኛዋ ደግሞ የት ናት? ይቺ የሷ ናት" ይሉና ለስመኝም ያስቀምጣሉ። እኔ በጣም ተገረምሁ። እኒህን ነጭናጫ ሴት ለካ ሳላውቃቸው ኖሯል፤ የወሩን ቅዱሳን አንድ ሳያስቀሩ የሚዘክሩ ጻድቅ ናቸው። "እኒህስ ገነት ሳይጠየቁ ነው የሚገቡ" አለች ስመኝ አፏን ሞልታ። የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ውጭ ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ፣ እትየ አንጓች እፍኜን እስኪተርፈው ሞሉልኝና ዛሬስ አገሩ ሁሉ ሲበላ ምን ትያለሽ በሚል ዐይን አዩኝ።

ፊደሉም መዋኘቱን ተወ። ሳቃችን ተመለሰ። ሳቁ እንደተመለሰም "ምን ያስገለፍጣችኋል?" ተመለሰ፤ እሱም ናፍቆኝ ኖሯል።

ታዲያ ከልደታ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ደሴ መጣ። ዝናብ አባርቶ ግቢው ጭቃ ነው። ስልቻው ትከሻው ላይ ባዶውን ተጣጥፏል። ደብተር ይዤ ደጅ ተቀምጬ ነበርና ስልቻውን ሳይ ደብተሬን ከደንሁ።

"ስንቁ እንደሚያልቅ እናውቃለን። ተነሽ፣ ሳይመሽ እንውጣ" አለኝ።

እትየ አንጓች ብቅል ሲያበጥሩ ነበር። እጃቸውን እያራገፉ መጡ።

"ወዴት?"

"ወደ አገሯ ነዋ፣ እናቴ። አባታችን አዝዘው ነው።"

"አባታችሁን አከብራለሁ። ልጅቱ ግን አትሄድም፤ ዝክር ይዛለች። ዛሬ አቦ ነው፣ ነገ ቁስቋም ናት፣ ከነገ ወዲያ ሥላሴ። ማን ሊቀምስልኝ ነው? ቅዱሳኑ ቢቀየሙኝ አባትህ ሊያስታርቁኝ ነው? ቁጭ በል፣ አንተም ቅመስ።"

ደሴ ትልቅ ሰው ቁጭ በል ካለው የሚቆም ልጅ አይደለም። ተቀመጠ። በዝግታ ጎረሰ፤ እየጎረሰም ቤቱን በዐይኑ ዞረው። እኔ እሱን አያለሁ። እትየ አንጓች እሱን ያያሉ። ለእኔ የዚያን ቀን ያች ሰሃን ሕይወቴ ነበረች፤ ይወስደኛል ወይስ ይተወኛል? በልቶ ሲጨርስ እጁን ታጠበ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፣ ከዚያ "ሸኚኝ" አለኝ። ልብስሽን ያዢ አላለኝም።

ከከተማው ወጣ ብለን ጉና ከደመናው መሀል ብቅ ስትል ቆመ።

"እኅቴ፣ እኒያ ሴትዮ የአቦ ዝክር የላቸውም" አለኝ። "ዝክር ያለበት ቤት ጠላ ይጠመቃል፣ ቄስ ይባርካል፣ ጎረቤት ይጠራል። የብቅል ነጋዴ ቤት ሆኖ አንድ ጋን ጠላ የለም። እሳት ላይ ያለችው ድስት የአንድ ሰው ናት። እናንተ ብቻ የምትበሉት ዝክር የት አገር አየሽ? ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም" አልሁት። እውነቴን ነው፤ ግን ማወቅም አልፈለግሁም ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ያን ሁሉ ቀን የሰው እጅ ሳይ ኖሬያለሁ። እንሂድ ልለው ነበር፤ ኩራቴ እስከዚያ ድረስ ነው።

ደሴ ገብቶት ነው መሰለኝ ትከሻዬን ያዘኝ። "እንዳታውቂ ነው የደከሙ። አትወቂ። ዝም ብለሽ ብዪ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። እኔ ለአባየ አቦ አስቀሯት እላቸዋለሁ።" ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ተያያዘው። ፊደል ያልቆጠረ ወንድሜ ነው። ደመናው እስኪሸፍነው ቆሜ አየሁት። እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

በማግስቱ እትየ አንጓች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። "ዛሬ ቁስቋም ናት" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ፈራ ተባ አለ። ደሴ ምን እንዳለኝ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ሰሃኑን በሁለት እጄ ተቀበልሁና ዝክር የበላ ሰው ለባለቤቱ የሚለውን አልኋቸው፦

"ለከርሞ ያድርስዎ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አሜን" አሉ። ከዚያ "ሰሃኑን አጥበሽ መልሺ፣ አይጥ እንዳታስለምጅብኝ" ብለው ሄዱ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

ፈተናውን አለፍሁ፤ መምህርት ሆንሁ፤ ዞሬ ዞሬ እዚሁ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። እትየ አንጓች ያረፉ ጊዜ ተዝካራቸው ላይ በየዘመኑ ቤታቸው የተከራየን ተማሪዎች ተገናኘን። አንዱ የአንበሳሜ ልጅ፣ አሁን ሐኪም ነው፣ "እኔን ያስተማረኝ መርቆሬዎስ ነው" ብሎ ጀመረ። ሌላዋ "እኔን ዑራኤል" አለች። ሳቅ ተነሣ፣ ሳቁም ሳይበርድ ለቅሶ ሆነ። ሁላችንም እትየ አንጓች የዘከሩለት ብቸኛ ሰው ነን ብለን ነበር የኖርነው።

አሁን እኔም ቤት አከራይ ነኝ፤ ስለ በር እጮኻለሁ፣ ስለ መብራት እጮኻለሁ። የሐያት ሰሃን ከተመለሰልኝ በኋላ ዛሬ ማክሰኞ ጧት ጎረቤቴን ወይዘሮ ዘሃራን አማከርኋት። "አንቺ ሴትዮ፣ በእናንተ ዘንድ እምቢ የማይባል ነገር ምንድን ነው?" አልኋት። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። ከዚያ "ልጅቱ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ጾመኛ ያስፈጠረ ሰው አጅሩ፣ ከአላህ የሚያገኘው ምንዳ ማለት ነው፣ ትልቅ ነው፤ አጅሬን አትከልክዪኝ ካልሻት እምቢ አትልሽም" አለችኝ። ሁለት ፍሬ ተምርም አስጨበጠችኝ። ለካ ሰኞ ሰሃኑን የመለሰችልኝ ጾማ ነበር፤ ጾሙን የምትፈታበት ነገር መኖር አለመኖሩን ግን አላህ ያውቃል።

እስከ ሐሙስ መጠበቅ አቃተኝ። ዛሬውኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ምስር ወጥ በእንጀራ፣ ከላዩም ተምሩን አድርጌ በሯን አንኳኳሁ። ሰሃኑን አየች፣ ተምሩን አየች፣ እኔን አየች።

"እትየ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው። አልጾምሁም።"

"አውቃለሁ። የትናንቱ ነው" አልኋት። "ትናንት ባለማወቅ ሳላስፈጥርሽ አደርሁ። ሥጋ የለበትም፣ ምስር ነው። አጅሬን አትከልክዪኝ።"

ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አመለጣት። ቤቴ ከገባች ጀምሮ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ቢስሚላህ" ብላ ተምሩን አነሣች። እኔም በሩን ተደግፌ እስክትጨርስ ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራኋት።

ሐሙስ እንግዲህ የታወቀ ነው። የነገውን ረቡዕ ግን ምን እንደምለው ገና አላገኘሁለትም። እስኪነጋ አገኝለታለሁ።