በአፖሊን ዐይን ላይ የወጣው እብጠት

ዩጌት በፈረንሳይ፣ በአርካሾን የባሕር ዳርቻ የሚበላ ዛጎል ሲያረቡ የኖሩ፣ እጃቸው በጨው ውሃና በቢላ የሻከረ ሴት ናቸው። ባላቸው በወጣትነቱ ስለሞተ ልጃቸውን ጋስፓርን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ስለ ሕፃናት አያያዝ ማንም እንዲነግራቸው አይወዱም።

የልጅ ልጃቸው አፖሊን በተወለደች በጥቂት ሳምንት የቀኝ ዐይኗ ቆብ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ። አድጎ አድጎ እንጆሪ አከለ። እናቷ ሶለን ተጨነቀች።

“ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት፣ እማማ።”

“ምን በወጣት! ባልሽም ጀርባው ላይ ነበረበት። ሳይነካ ሟሽሾ ጠፋ። የቱ ጋ እንደነበር እስቲ ፈልገሽ አሳዪኝ!”

“የሱ ጀርባው ላይ፣ የሷ ዐይኗ ላይ!”

“አይ የዘመኑ እናቶች! ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሐኪም።”

ጋስፓር የእናቱን ቃል አመነ። ቆዩ። እብጠቱ ከበደና ቆቡን አወረደው፤ ዐይኑ ተዘጋ። ያኔ ሶለን ማንንም ሳታማክር ልጇን አቅፋ ሐኪም ዘንድ ወደ ቦርዶ ከተማ ተነሳች። ዩጌትም ተከትለው ባቡሩ ላይ ወጡ፤ ለመርዳት ይሁን ለመከራከር ራሳቸውም አላወቁት።

ሐኪሟ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ አየችው። ከዐይኑ ኋላ ዘልቆ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሕፃኗን አስተኝተው ኤምአርአይ አስገቧት። ያ ትንሽ ገላ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ዩጌት የሕፃኗን ብርድ ልብስ አጣጥፈው እንደገና ዘረጉት።

“ካንሰር አይደለም፤ የደም ሥር እብጠት ነው” አለች ሐኪሟ። “አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ዐይን ሲሸፍን ግን አይጠበቅም። ሕፃን ካላየበት ዐይኑ ማየት አይለምድም።”

ሶለን ወደ አማቷ ዞራ አላየችም። ያ ከስድብ ባሰባቸው።

የታዘዘው ለልብ ሕመምተኞች የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለሷ በሽሮፕ መልክ። ሳትጠባ ከተሰጣት የደሟ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ እንደሚወርድ ተነገራቸው። አንድ ጠዋት አፖሊን አስታወከች፤ ጡትም እምቢ አለች። ጋስፓር ሽሮፑን ሲያነሳ ዩጌት እጁን ያዙት።

“ዛሬ አይሰጣትም!”

“እማዬ፣ ደግሞ ልታዘገዪን ነው?”

ዩጌት እጁን አልለቀቁም። ሶለን ሆስፒታል ደወለች። “እንዳትሰጧት” ተባለች። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዩጌትም አልጠበቁም።

እብጠቱ በወራት ውስጥ ሟሸሸ፤ ዐይኑም ተከፈተ። እይታው ግን ደካማ ሆኖ ቀረ። ደካማው እንዲሠራ ደህናውን ዐይኗን በፕላስተር መሸፈን አለባቸው፤ የሚለጥፉት ዩጌት ናቸው። አፖሊን አሁን አፍ ፈታለች።

“ሂጂ! አልወድሽም!” እያለች ትታገላቸዋለች።

“እሺ አትውደጂኝ፤ ዝም ብለሽ እዪ” ይሏታል፣ እጇን ይዘው።

ሶለን በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አታግዛቸውም፤ ተዉም አትላቸውም።