ቤት የመታው ግጥም

ይህን ለዓመታት ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ጾም የሻርኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን ሁሉ ስናዘዝ ይህን እዘለው ነበር። ባሌም ከኔ ጋር አርጅቶ ሳይሰማው ሞተ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ፤ ነገሩን ግን አታልፉልኝ።

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። በአማኑኤል ከተማና በዙሪያዋ የታወቅሁ አልቃሽ ነኝ። ሙሾ ሳወርድ ደረቅ ዓይን አይተርፍም። ፍርድ አዋቂም ይሉኛል። የማይዛመደኝ ሰው ድንበር ተገፋ ብዬ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ተናንቄ አውቃለሁ። የገዛ ልጄን ከጎረቤት ልጅ አብልጬ አልዳኘሁም። ታዲያ በወንድሜ ሬሳ ፊት ቆማ ያን ያደረገችው ሌላ ሴት ናት? እኔው ነኝ።

ደምሌ ታናሽ ወንድሜ ነበር። በኅዳር፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ፣ የጤፍ ጆንያዬን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሊያደርስልኝ መጣ። ዳገቱ መሐል ላይ ጆንያውን አወረደና ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ደረቴን ጭምቅ አርጎ ያዘኝ። ትንሽ ልረፍ» አለኝ።

በዚያ ብርድ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። አየሁት። ላቡን በዓይኔ አየሁት።

«ሚስትህ አሞላቅቃ አበላሸችህ! ተነስ ባክህ፣ ወፍጮው ሰው ሳይበዛበት» አልኩት።

ስቆ ተነሳ። ጆንያዬን አድርሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ምሳ ላይ ሚስቱ ስንዱ እያጎረሰችው ሳለ ወደቀ። በዚያው ቀረ።

ለቅሶው ላይ አገሩ ሁሉ ስንዱን አቅፎ ያለቅሳል። እሷም በእንባዋ መሐል «ከወፍጮ ሲመጣ ደህና አልነበረም፣ ፊቱ አመድ መስሎ…» ብላ ጀመረች። ሰው ዞሮ እኔን ሊያይ ነው። ያሸከመችው እህቱ ናት ሊል ነው። ሳትጨርስ ቀደምኳት። ደረቴን መታሁና አወረድኩት፦

አቤት ባለሙያ፣ አቤት ያንቺስ ጉርሻ፣
ሌላ እህል አላለም እስከ መጨረሻ።

ሰሙ ምስጋና ነው፤ የሚስቱ እጅ ጣፍጦት ሌላ ምግብ አላማረውም ይላል። ወርቁን ግን ሕፃን እንኳ አይስተውም። ያጎረሰችው ሞቱን ነው፣ መርዝ አብልታዋለች ማለት ነው። ለቀስተኛው ዓይኑን ወደ ስንዱ መለሰ። ከዚያ ከኋላዬ አንዷ «አይ እትዬ! ቤት ስትመታ እኮ!» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

አዎን፣ ቤት መታሁ። የስንዱን ቤት መታሁ።

ክስ አልነበረም፣ ምርመራ አልነበረም፤ ግጥም ብቻ ነበር። ለአርባው ተዝካር ያዘጋጀችው እንጀራ ሳይቆረስ፣ ጠላዋ ሳይቀዳ ዋለ። ሰው መጥቶ ተቀመጠ፣ እጁን ሰብስቦ ተነሳ። እኔም ከሰው መሐል ተቀምጬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቆርስላት ኖሮ አገሩ ሁሉ ተከትሎኝ ይበላ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አልቆረስኩም። ስንዱ ጡት ያልጣለች ልጇን አዝላ ወደ ደጀን ሄደች።

ግጥሙ ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አገር ለአገር ዞረ። በሠርግ ተቀለደበት፣ በደቦ ተዘፈነ። ወጥ ያሳረረች ሁሉ «አቤት ያንቺስ ጉርሻ!» ትባላለች። ዘንድሮ ደግሞ በኪነ ጥበብ፣ በባህልና በስፖርት ላገለገሉ ሰዎች ለሚሰጠው አገር አቀፍ ክብር ታጭተሻል ተባልኩ። ጎረቤቴ አያ ተሰማ ሲሰማ ሳቁ አልያዝለት አለ።

«ከሯጮቹ ጋር ልትሸለሚ ነው አሉ። ለመሆኑ ትሮጫለሽ?»

«እግሬ ቢያረጅ ምላሴ ይሮጣል!» አልኩት። ሳቅን።

የሽልማቱ ሰዎች ድምፄን ሊቀርጹ ከአዲስ አበባ መጡ። ማይክ የያዘችው ልጅ «እማማ፣ ያችን የጉርሻዋን ይበሉልን» አለችኝ። አልኩላት። ደረቴን ነፍቼ አልኩላት። ልጅቱ እያጨበጨበች «ግን እማማ፣ ሴትዮዋ እውነት ገድላው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

እስከዚያ ቀን እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ግጥሙ ይናገራል» አልኩ።

ለፊተኛው ሐዘን ልቤን ነስቶኝ ነበር ልል እችላለሁ። ለዚህኛውስ ምን ልበል? ማን ሞቶብኝ ነበር?

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልኝ አለ። በሳምንቱ ደጀን ሄድኩ። ከባድ መኪኖች ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳቸው በፊት ከሚቆሙበት ዳር ስንዱ ትንሽ ሱቅ አላት። ጎረቤቶቿ በቆሎ ይጠብሳሉ፣ ዳቦ ይሸጣሉ። የእሷ ዕቃ የታሸገ ብስኩት፣ የታሸገ ውኃ፣ ሳሙና፣ ባትሪ ነው። እጇ የሠራው አንድም የሚበላ ነገር የለም። ለምን ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«እትዬ፣ መንገድ ጠፋብዎ?» አለችኝ። ያን ሁሉ አድርጌያት ዛሬም አንቺ አላለችኝም።

ሁሉንም ነገርኳት። ጆንያውን፣ ዳገቱን፣ ላቡን። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን፣

«ደረቴን ያዘኝ ብሎዎት ነበር?» አለች።

«አዎን።»

«እኔ ጋ ሳይደርስ?»

«አንቺ ጋ ሳይደርስ።»

የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። «አልበላም ሲለኝ በሞቴ ብዬ ነበር ያጎረስኩት። ያነቀው የኔ ጉርሻ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ልጄን እንኳ አጉርሼያት አላውቅም፣ እትዬ። እጄን እፈራዋለሁ።»

አያችሁ ምን እንዳደረግሁ? አገሩ ግጥሜን አምኖ ያማታል ብዬ ነበር የማስበው። ከአገሩ ሁሉ አጥብቃ ያመነችኝ ግን እሷው ናት። ዳገቱ ላይ ደምሌን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚፈታት ቃል እኔ አፍ ውስጥ ነበር። በዚያ አፍ ስበላ፣ ስዘፍን፣ ስቆርብ ኖርኩ።

እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«ይነሱ፣ እግሬን መሳምዎ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «ግጥሙን በሰው ፊት ነው ያወረዱት። ይህንንም በሰው ፊት ይበሉት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ ተናገርኩ። አንገቱን የደፋ አለ። «አረጀች፣ አእምሮዋ ተነካ» ያለም አለ። ከበሩ ስወጣ አንዷ ለጓደኛዋ «እንዲያም ሆኖ ግጥሙ ግን ግጥም ነበር እኮ» ብላ እንደገና ስታወርደው ሰማሁ። እውነቱ ቤት አይመታም። ስለዚህ ሰው አይዘውም።

ለሽልማቱ ሰዎች ስልክ አስደወልኩ። «ክብራችሁን አልፈልግም፣ ግጥሙንም ከቀረጻችሁ አውጡት» አልኩ። ሰውየው ታሪኩን አዳመጠና «እማማ፣ እንዲያውም ነገሩን አሳመሩት! መጥተን ይህንንም እንቅረጽዎ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ክብሩን መተው ቀላል ነው፤ ሲጀመርም የኔ አልነበረም። ስንዱን የሚያነጻ አዲስ ግጥም ልሠራ ሞከርኩ። ለማላውቀው ሬሳ ስንኝ የሚጎርፍልኝ ሴት አንድ መስመር እንኳ ጠፋኝ። ስለዚህ እንዲሁ በደረቁ እጽፈዋለሁ። ደምሌ ታሞ ነበር። ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ ዋሸሁ። ስንዱ አልገደለችውም፤ ጉርሻዋም አላነቀውም።

ከእንግዲህ ይቅር በይኝ አልላትም። ብላት፣ ይቅር የማለቱ ድካም ደግሞ በእሷ ላይ ይወድቃል። ያ ፍርድ አይደለም።