ግማሹን እናቱ የያዘችው ላፕቶፕ

ተጨማሪ ስክሪን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ከወገቡ በላይ ሥራ አስኪያጅ፣ ከወገቡ በታች ሕመምተኛ ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ሱሪው ፒጃማ ነው። ሻጯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው።

ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተ። ግማሹ ላይ የቁጥር ሠንጠረዥ ተደርድሯል፤ ግማሹ ላይ አንዲት አሮጊት አልጋዋ ላይ ተጋድማለች።

«እናቴ ናት፤ ከጎኗ ክፍል ሆኜ ስሠራ እንዳያት ካሜራ ሰቅዬላት ነው» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «እሷን ስጠብቅ ሥራው ይጠብብኛል። ቁጥር እየተሳሳትኩ አለቃዬ ‹አንዴ ብትደግም በቃህ› ብሎኛል።»

በቦርሳ የሚያዙትን ቀጫጭን ስክሪኖች እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ እያነሳ አገላበጠ። መቆሚያቸውን ዘርግቶ ይወድቁ እንደሆነ በጣቱ ገፋ ገፋ አደረጋቸው። በመጨረሻ አንዱን ያዘ።

«ካልተስማማዎት ይመልሱታል፣ ጋሼ» አለች ሻጯ፣ ወሬ ለመቆስቆስ ያህል።

«በምን እግሬ? ከቤት የምወጣው ታናሽ እህቴ መጥታ ስትተካኝ ነው፤ እሷም በስንት ወሯ።»

የሻጯ ፊት በራ። የመረጠውን ከእጁ ተቀበለችና ከባንኮኒው ሥር ሌላ አወጣች፤ አንድ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ ድርግም የሚል፣ ሦስት ደንበኞች የመለሱት ነው። ተመልሶ የማይመጣ ሰው ሲጠብቅ ከርሟል።

«ይሄ ይሻላል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ሰካው። አሮጊቷ ከነትራሷ ስክሪኑን ሞላችው። ሰውየው ገና አሁን ፈገግ አለ።

«አየሻት? ቦታ ጠቧት ከስታ ነበር እኮ የምትታየኝ።»

«ያምርባታል» አለች ሻጯ፣ የካርቶን ማሸጊያውን ፕላስተር በጥርሷ እየቆረጠች።