የኢዳዬ የመጨረሻ ቀን

ባሌ የፈታኝ ልጅ ስላልወለድኩለት ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እናቱ «የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው» እያሉ ሲነዘንዙት ከረሙና አንድ ቀን «ፈትቼሻለሁ» ብሎኝ ሱቁ ወዳለበት ወደ ፑኝዶ ሄደ። ድሮም ኑሯችን ተለያይቶ ነበር። እሱ እዚያ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፤ እኔ አቦቦ ከእናቱ ጋር በቆሎ እኮተኩታለሁ። ብቅ የሚለው ዕቃ ሊጭን ሲያልፍ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ለምን አላረገዘችም ይሉኛል!

በእኛ በሙስሊሞቹ ደንብ የተፈታች ሴት ወዲያው ጓዟን ጠቅልላ አትወጣም። ኢዳ አለባት፤ ሦስት ጊዜ የወር አበባ እስክታይ በባሏ ቤት ትቆያለች። አርግዛ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። መካን ተብዬ የተፈታሁት ሴትዮ፣ አርግዤ እንደሆነ ልጠበቅ ተቀመጥኩ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ከአማቴ ጋር አንድ ገበታ እየበላን ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው ግን ዘገየ። እማማ ጀሪካን አላስነሳ አሉኝ፤ ጉበት ገዝተው መጡ። እኔም ሞኟ ሆዴን መዳበስ ጀመርኩ። ከዚያ ደሙ መጣ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ እሳቸው ለልጁ፣ እኔ ለትዳሬ።

የሰፈራችን ሼህ እንዳስተማሩን፣ ሴቲቱ ደሟ ቆሞ ገላዋን እስክትታጠብ ድረስ ባሏ በቃሉ ሊመልሳት ይችላል። ከታጠበች በኋላ ግን አለቀ። ደሜ በቆመበት ጠዋት እማማ ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ አየኋቸው። ፑኝዶ እየደወሉ እንደሆነ ገባኝ። የቀትር ሶላት ሳይደርስ መታጠብ ነበረብኝ።

በአቦቦ ሙቀት በፍል ውሃ የሚታጠብ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ትልቁን ድስት ሞልቼ ጣድኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በባሌ ተናድጄበታለሁ፤ ፊቱን ማየት አልፈልግም ብዬ ስንቴ ምያለሁ። ግን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ? እማማ ከጓሮ ተመልሰው ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ጎንበስ ብለው አንዱን እንጨት ከምድጃው አወጡና ራቅ አድርገው ጣሉት።

ቀትር ሊሆን ሲል አንድ ሞተር ሳይክል ደጃችን ቆመ። ባሌ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወረደ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ታጠብሽ?»

«ልጅ እንደሌለ ነግረውሃል?» አልኩት።

«ነግረውኛል። ታጠብሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«አልታጠብኩም» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

«መልሼሻለሁ» አለ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኾ። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እሱም አለቀሰ።