ቅዳሜ ቀትር ላይ የገባው ፋሲካ

የልጄ ልጅ ትዕግሥት እዚሁ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ እኔ ዘንድ ትመጣለች። በዚህ አገር ብርድ የታጠበ ልብስ ቶሎ ደርቆ ስለማያውቅ፣ እስኪደርቅላት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ፈረንጅ በትልቅ የሽርሽር መርከብ ስላደረገው ጉዞ የሚያወራበት ቪዲዮ አገኘችና "አባባ፣ ይኸ የእርስዎ ነገር ነው" ብላ አሳየችኝ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሰውየው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ ሲመለስ እሷ ትተረጉምልኛለች። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልጋውም ይመቻል ይላል። ግን ወደብ ሳይነኩ ብዙ ቀን በባሕር ላይ ብቻ መሄድ ያሰለቻል አለ።

"ያሰለቻል?" አልኩ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ልጣላ ምንም አልቀረኝም።

ትዕግሥት ሳቀች። "እንግዲያውስ እርስዎ ይንገሩኝ። ውሃ ብቻ አይደለም ወይ? ምን አለው?"

እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በወጣትነቴ የአጎቴን ጋሪ እነዳ ነበር፤ ከገበያው ማዶ ያለውን ዓለም የማውቀው የተሳፈሩት ሰዎች ሲያወሩ በመስማት ነው። አሰብ ወደብ ሥራ አለ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። እንደ እኔ ያለ የደጋ ሰው እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይጠየቅም። አንድ ቀን፣ ልመለስ ወይስ ልቆይ እያልኩ ስንገላታ፣ አንድ ሰው የተቀደደ የዱቄት ጆንያን በአዊኛ ሲረግሙ ሰማሁ። የአገሬን ቋንቋ በዚያ እሳት መሬት! ሮጬ ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። እዚሁ አዊ ያለችው የግምጃ ቤት ከተማ ሰው፣ ጋሼ እንዳላማው ነበሩ፤ በሃያ ዓመት ግድም ይበልጡኛል፣ ሙያቸው ዳቦ ጋጋሪነት ነው። በኋላ የጣሊያኖች የመንገደኛ መርከብ ሠራተኛ ሲፈልግ እሳቸው ዳቦ ቤቱ ገቡ፤ እኔን ደግሞ "የወንድሜ ልጅ ነው" ብለው አስቀጠሩኝ። የወንድማቸው ልጅ አልነበርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሆንኩ።

መርከቡ ሽማግሌና አሮጊት ፈረንጆችን ጭኖ ዓለምን የሚዞር ነበር። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥተን ፓስፊክ ውቅያኖስን ወደ አውስትራሊያ ስናቋርጥ፣ የብስ ሳናይ የምንውል የምናድርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኔ ሥራ ማለዳ ወለሉን ማጠብና ለመንገደኞቹ ወንበር መዘርጋት ስለነበር፣ ባሕሩን ከማንም ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። ባሕር ሁልጊዜ አንድ ነው የሚል ሰው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላየውም። ማለዳ ሲታይ አመድማ ነው። ረፋድ ላይ እንደ አበበ የተልባ ማሳ ሰማያዊ ይሆናል፤ ተልባ ሲያብብ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ዝናቡን ደግሞ ከሩቅ ሲመጣ ታየዋለህ፤ አንተ ፀሐይ ላይ ቆመህ እሱ ወዲያ ማዶ ለብቻው ይዘንባል። ሰዎቹም ይለወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን በወንበር ቦታ ሲጨቃጨቁ የነበሩት አሮጊቶች ቆይተው አንዷ የሌላዋን ሹራብ ስትሠራ ታገኛቸዋለህ። ወደብ ያለበት ቀን ሰው ሁሉ ይቸኩላል። የባሕሩ ቀን ነው ሰውን ሰው የሚያደርገው።

ምግቡንም ልመስክር። በዚያ መርከብ ላይ የቀረበው ሥጋና ዓሣ፣ የተቆለለው ፍራፍሬ፣ ዓይን አይጠግበውም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳቦው ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ሽታው በደረጃው ወጥቶ እስከ ላይኛው ወለል ይደርሳል። መንገደኞቹ በሌሊት ልብሳቸው እየወጡ "ደረሰ ወይ?" ይሉኛል። ጋሼ እንዳላማው ሊጡን በክንዳቸው አቅፈው ሲያሹት፣ በሁለት ጣት ቆንጥረው ሲመዝኑት፣ የበሰለውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሮአቸውን ሲያስጠጉ ማየት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው። ቅቤና እንቁላል በየዓይነቱ ይገባበታል። እሳቸው ታዲያ ያንን ሁሉ እየጋገሩ ሁዳዴን ይጾሙ ነበር።

ጾም ስል እንደ እኔ ጾም አይምሰላችሁ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱ፤ ከዚያ በኋላ የተቀቀለ ድንች፣ ደረቅ ዳቦና ሻይ። ከምድጃው ፊት ሌሊት ጀምሮ የሚቆም ሰው እንዲህ ሆኖ ስንት ይዘልቃል? ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ከምድጃው ሥር ተዝለፍልፈው ወደቁ። የመርከቡ ሐኪም አየና እንቁላልና ወተት አዘዘ። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሐኪሙ ቢለምን ቢቆጣ አልሆነለትም፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና እኔን አስጠራኝ።

"ንገረው" አለኝ፤ "በዚህ ከቀጠለ ልቡ ይቆማል። ካልበላ በሚቀጥለው ወደብ አስወርደዋለሁ። በእኔ መርከብ ላይ አይሞትም።"

የሚቀጥለው ወደብ ስሙን እንኳ አጥርተን የማንጠራው ደሴት ነው። ጋሼ ከአማርኛና ከአዊኛ ሌላ የሚያውቁት የዱቄት ቋንቋ ብቻ ነው። እዚያ ታመው፣ ብቻቸውን! በአዊኛ ለመንኳቸው።

"ስማኝ ፈንቴ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። "አገሬን ትቼ ወጣሁ። ሚስቴንም ቤቴንም ትቼ ወጣሁ። ጾሜን ከተውኩ ምን ይዤ ልመለስ ነው?"

ይህን ለሐኪሙ እንዴት እንደተረጎምኩት አላስታውስም። ብቻ ሰውየው ደግ ነበር፤ "ይኸ ጾም ማብቂያ አለው?" አለኝ። ፋሲካ እሑድ ሳምንት መሆኑን ነገርኩት። የእነሱ ፋሲካ አልፎ ነበር። "እንግዲያው እሑድ ሲበላ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ" አለ። "እሑድ ካልበላ ግን ይወርዳል።" ጋሼም በዚህ ተስማሙ። "እሑድማ እኔስ መች ጠላሁ" አሉ።

ታዲያ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሠራተኛ በሚያርፍበት ክፍል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መርከባችን የቀን መለወጫውን መሥመር ስለሚያቋርጥ ከቅዳሜ ቀጥሎ ያለው ቀን ሰኞ ይሆናል ይላል። ለመንገደኞቹም ቅዳሜ ዕለት ግብዣ ተዘጋጅቷል። ጣሊያኖቹ እያሾፉ፣ የእሑድ ደመወዛችንን ማን ይከፍለናል እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ሐኪሙ የቀጠረው እሑድ ትዝ አለኝ። ወርጄ ለጋሼ ነገርኳቸው።

"እሑድን ማን ወሰዳት?" አሉኝ።

"ማንም አልወሰዳትም ጋሼ። ዓለም ክብ ስለሆነች፣ ፀሐይን ተከትሎ የሚሄድ መርከብ አንድ ቦታ ላይ ቀን መዝለል አለበት ይላሉ።"

"እና ዘንድሮ ክርስቶስ አልተነሣም ልትለኝ ነው?"

"ሰኞ ቢፈቱስ? እግዚአብሔር ያያል እኮ።"

"ፋሲካ ሰኞ ሲውል አይተህ ታውቃለህ?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ያለ ፋሲካ አልገድፍም። አውርደው ይጣሉኝ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አክፍሎት ያዙ፤ እህልም ውሃም የለም። ዓርብ ስግደታቸውን እያረፉ ሰገዱ። ቅዳሜ ማለዳ ልጠይቃቸው ስወርድ፣ ያንን ያህል ደክመው እንኳ በቀዳም ስዑር ደንብ ራሳቸው ላይ ቄጠማ ማሰር አልተዉም። መርከብ ላይ ቄጠማ ከየት ይመጣል? ከወጥ ቤት የባሮ ሽንኩርት ቅጠል ለምነው እሱን በግንባራቸው ዙሪያ አስረዋል። ልስቅ ወይም ላለቅስ ነበር፤ ሁለቱንም ውጬ ወጣሁ።

የወጣሁት መርከቡን ወደሚመራው መኮንን ነው። ለእኔ ቢጤው ክልክል የሆነውን በር አንኳኳሁ። ወጣት ልጅ ነበር፤ እሑድ ጠፋችብን ስለው አልሳቀብኝም። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የመርከቡ ነው፣ ሌላው የዓለም የጋራ ሰዓት። ሰፊ ካርታ ዘረጋልኝና "አገርህ የት ነው?" አለኝ። ዳንግላ የለችም፤ ግምጃ ቤትማ ከየት ትመጣለች! ጣናን ግን የጤፍ ፍሬ አክላ አየኋትና ከሥሯ ጣቴን አስቀመጥኩ። ሁለቱን ሰዓት ተራ በተራ አየ፣ በእርሳስ አሰላ።

"እዚህ ቅዳሜ ቀትር ሲሆን" አለኝ፣ "እናንተ ዘንድ እሑድ ገብቷል። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ሦስት ሰዓት ሆኗል።"

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም፤ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ጧፉን እንደያዘ እየተመረቀ የሚወጣበት፣ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው። እሑድ አልጠፋችም። እኛ ነን ቅዳሜ ላይ ቆመን የማናያት። ሰዓቱን አየሁ፤ ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ያንን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት እኔ አላውቅም።

መኮንኑ ያሰላውን ለጋሼ ነገርኳቸው። "ግምጃ ቤት ዶሮ ጮኋል ነው የምትለኝ?" አሉ።

"ጮኋል ጋሼ።"

"ቄሶቹም ክርስቶስ ተንሥአ ብለዋል?"

"አሁን፣ ይኼኔ እያሉ ነው።"

"ደግፈኝ" አሉ። "ምድር ቤት ሆኜ ፋሲካ አልቀበልም።"

ተጣጥበው ከሻንጣቸው ሥር ነጠላቸውን አወጡ። ይዣቸው ወደ ላይኛው ወለል ወጣን። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ያንጸባርቃል፤ ፈረንጆቹ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ለግብዣው ተሰብስበዋል። በዚያ መካከል ነጠላ ያጣፉ፣ የሽንኩርት ቅጠል በራሳቸው ያሰሩ ሰው ብቅ ሲሉ የግብዣው ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ጋሼ ዞር ብለውም አላዩአቸው። ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ ተንበርክከው ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። ጭብጨባው እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት ባርኔጣዋን ስታወልቅ አየኋት። ቀና ሲሉ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

"እንኳን አደረሰህ ልጄ" አሉኝ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ።"

ሐኪሙን ጠርቼው መጣ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ" አለ ግራ ገብቶት። ነገሩን ሳስረዳው በሳቅ ፈርሶ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። የተቀቀለ እንቁላልና እሳቸው ራሳቸው የጋገሩት ባለ ቅቤ ዳቦ ቀረበ። ጋሼ ባርከው ቆረሱ፣ አላመጡ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ምነው?" አልኳቸው ደንግጬ።

"ጨው ጎድሎታል" አሉ። "ሁዳዴን ሙሉ ሳልቀምስ ስጋግር፣ እነዚህን ምስኪኖች አልጫ ዳቦ ሳበላቸው ከረምኩ!"

ሐኪሙ ከዳቦው ቆርሶ በላና ምንም አልጎደለውም ብሎ ማለላቸው። አላመኑትም። ደሴቲቱ ስትመጣ ግን ጋሼ ምድጃቸው ፊት እንጂ ወደቡ ላይ አልነበሩም። ከዚያም በኋላ ብዙ ባሕር አብረን አቋረጥን።

እንግዲህ ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው ባሕር ያሰለቻል ይላል። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፋሲካ የብስ ላይ አላየሁም። እንደ ጋሼም ያለ ሰው አላየሁም። ለራሱ ያልፈቀደውን ለሰው አሳምሮ የሚሠራ ሰው ማየት ትልቅ ዕድል ነው።

ጋሼ እንዳላማው ከጥቂት ዓመታት በፊት ግምጃ ቤት ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነበር፤ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ። በሰማንያ ምናምን ዓመታቸው ያንንም ሁዳዴ ጾመውታል። ሚኒባስ ይዤ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ አበሩ ደረታቸውን እየመቱ "ሁሉን ጾሞ፣ ሁሉን ጾሞ፣ ፋሲካን ሳያይ!" እያሉ ያለቅሱ ነበር። ለቀስተኛውም ያንኑ እየተቀበለ ያለቅሳል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና በጆሮአቸው፣ "እትዬ፣ እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ ከቀን መለወጫው መሥመር ማዶ፣ ባሕሩ ላይ፣ ሌሊቱ ተጋምሶ እሑድ ገብቷል። እርስዎም ታሪኩን ያውቁታል። ጋሼ ፋሲካን አይተው ነው የሄዱት" አልኳቸው።

ለቅሷቸውን አላቆሙም። ግን ከዚያች ሰዓት ወዲህ "ፋሲካን ሳያይ" የሚለውን ከአፋቸው አልሰማሁትም። አሁን በየዓመቱ ቀዳም ስዑር ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከግምጃ ቤት ስልክ ይደውሉልኛል። ሰላምታም አያስቀድሙ።

"ፈንቴ፣ እዚያ ማዶ ገባላቸው?"

"ገባላቸው እትዬ" እላቸዋለሁ።