የአባባ ረዳት

ልጅ ሳለሁ አባባ የሚጠሩኝ «ረዳቴ» እያሉ ነበር። የእናቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የካ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ ካለው ቤታችን ገቡ። ያኔ አመሻሽ ላይ ከሰሉ ሲግም እግራቸው ሥር ተቀምጬ ተረት እሰማለሁ። ተረታቸው ውስጥ ጅብና ጦጣ ብዙም አልነበሩም፤ ጭቃ፣ ቁልቁለትና የጋለ ፍሬን እንጂ። መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ድንገት «ረዳቴ፣ ታኮ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኔም ዘልዬ ተነስቼ ከበርጩማቸው እግር ሥር ድንጋይ እሸጉጣለሁ። «አዳንሽን!» ይሉኛል።

ከዚያ አደግሁ፣ ስልክም ተገዛልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚላቸው አጡና ተዉት። እውነቱን ለመናገር መተዋቸውን እንኳ አላስተዋልኩም፣ ሰሚራ እስክትመጣ ድረስ።

ሰሚራ የክፍሌ ልጅ ናት። አባቷ ከታች አስፋልቱ ዳር ሱቅ ነበራቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ ለዓመቱ መጨረሻ የፊዚክስ ፈተና እኛ ቤት ልናጠና ተስማማን። በመጀመሪያው ቀን ገና ከመምሸቱ መብራት ሄደ። ፋኖስ ለኮስን። ደብተሩ ላይ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሳጥን ተስሏል፤ ለምን እንደማይንሸራተት ለሁለታችንም አልገባን አለ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። እሷ ቀና ብላ፣

«አባባ፣ እርስዎ ሹፌር ነበሩ አይደል? መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይሸሽ ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻቸው።

አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ከሱሉልታ ማዶ ጭነው እንጦጦን ሽቅብ ሲወጡ ሞተር ይጠፋባቸዋል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው ያቆሙታል፤ ሞተሩ ሲነሳ መኪናውን ሜዳ ላይ አድርሰው፣ በእግራቸው ተመልሰው ድንጋዩን ከመንገድ ያነሳሉ። ሌላው ሹፌር ሁሉ ትቶት ነበር የሚሄደው። «ለራስህ ያስቀመጥከውን ድንጋይ ሳታነሳ ከሄድክ፣ ከኋላህ የሚመጣውን ገደልከው» አሉ። እኔ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰሚራ ግን አፏን ከፍታ ሰማች፤ ጎማና ድንጋይ ሳለች፣ ቀስቶች አሰመረች፣ «ፍሪክሽን ማለት እኮ ይሄ ነው!» ብላ ጮኸች። አባባ እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ቀናሁ። ምን ብዬ አሳምረዋለሁ? ራሷ የጣለችውን ሌላ ልጅ ሲያነሳው እንደምታለቅስ ሕፃን ሆንኩ። ሰሚራ በየማታው ትመጣለች፣ በየማታው ተረት ይወጣል፣ እሷም ከደብተሯ ጀርባ ትጽፈዋለች። አንድ ማታ ፋኖሱ መጨስ ሲጀምር አባባ «ረዳቴ፣ እስቲ ክሩን ዝቅ አድርጊው» አሉ። ተነሳሁ። የሚያዩት ግን እሷን ነበር። እግሬ ደንዝዞ የተነሳሁ አስመስዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ደወልኩላት። «አባባን አሟቸዋል፤ ነገ አትምጪ» አልኳት። በሽማግሌ ላይ ማሟረት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አንዲት ምሽት ብቻዬን ላገኛቸው ፈልጌ ነው። የጠፋኝ ሌላው ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ታመመ የተባለ ሰው ይጠየቃል።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰሚራ ከነእናቷ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዘው በር ላይ ቆሙ። አባባ ደግሞ ከጓሮ መጥረቢያቸውን እንደያዙ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ውይ አባባ፣ አላህ ያሽርዎት! ምን አግኝቶዎት ነው?» አሉ እናቷ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ መጀመሪያ ብርቱካኑን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወገባቸውን ያዙ። «ወገቤን ነው ልጄ፤ ዛሬ እንኳ ተመስገን ነው። ግቡ እንጂ!» ብለው ጋቢ ተከናንበው አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ለእኔ ሲሉ አቃሰቱ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አልተቆጡኝም። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝና፣ «ድንጋዩ መንገድ ላይ ነው ያለው፤ አንሺው» አሉኝ።

በፈተናው ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለሰሚራ ነገርኳት። «አባባ አልታመሙም ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዳገቱን ስንወጣ በአጥሩ በኩል እንጨት ሲፈልጡ አየናቸው። እማዬ ‹ዝም በይ፣ ልንጠይቅ መጥተናል፣ ጠይቀን እንሄዳለን› አለችኝ። ግን ለምን?»

«አያቴን ወሰድሽብኝ።»

«አንቺ እኮ ስልክሽን ነበር የምታዪው» አለችኝ።

ተዳፋቱ ፈተናው ላይ መጣ፤ ሁለታችንም ሠራነው። በውጤት ግን በለጠችኝ። በዚያም ቀናሁ።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ሰሚራ ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፤ ፊዚክስ ታስተምራለች። ልጄ ተረት ንገሪኝ ስትለኝ የአባባን እጀምርና መሃል ላይ ይጠፋብኛል፤ ጭቃው ውስጥ የገባው መኪና እንዴት እንደወጣ አላውቅም። መቶ ጊዜ ተነግሮኝ እንኳ አልያዝኩትም። ስለዚህ ለሰሚራ እደውልላታለሁ፤ የራሴን አያት ተረት ከሰው እለምናለሁ። እሷም ያንን ደብተር አውጥታ ታነብላታለች። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ በሁለቱም እቀናለሁ።

መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። «ረዳቴ፣ ታኮ!» ትላለች ሰሚራ በስልኩ ውስጥ።

የምትጠራው ልጄን ነው። እኔ ግን ቀድሜያት እሮጣለሁ።