ከፊት አንድ ቶን፣ ከኋላ ግማሽ

ኢስማዒል በውሸት አይታማም። ኦክላንድ ውስጥ፣ ሳን ሊያንድሮ ጎዳና ላይ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ባለችው ጋራዡ ሰላሳ ዓመት ሲሠራ፣ "ይሄ መኪና አልቆለታል፣ ገንዘብህን አታባክን" ብሎ የመለሳቸው ደንበኞች ከሠራላቸው አያንሱም። ለታመመ ሰው ግን እንዲህ አይባልም፤ የኢስማዒል ጣጣም የመጣው ከዚያ ነው።

በተለይ "አንድ ቶን" በሚባለው ነገር ቀልድ አያውቅም። ድንጋይ ላይ የሚወጣ ጂፕ ሠራን የሚሉ ጎረምሶች እየመጡ "ዋን ተን ነው" ሲሉት፣ መነጽሩን ያደርግና ካርቶን ዘርግቶ ከመኪናው ሥር ይገባል።

"ስምንት ቡሎን አለው እኮ!" ይሉታል፣ እንደ ከባድ ፒክአፕ በስምንት ቡሎን የታሰረውን ጎማ እያሳዩ።

"ስምንት ቡሎንማ እኔም ሱሪዬ ላይ እሰፋለሁ" ይላል ከሥር ሆኖ።

ለእሱ ነገሩ ግልጽ ነው። ስሙ የመጣው አንድ ቶን ጭነት እንዲሸከሙ ከተሠሩት ትልልቅ ፒክአፖች ነው። ስለዚህ ከእነሱ የወጣ አክስል፣ ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ብረት፣ ከፊትም ከኋላም መኖር አለበት፤ መሪውና ፍሬኑም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። የኋላው ደግሞ ሸክሙ በውጭው ቱቦ ላይ የሚያርፍ፣ የውስጡ ዘንግ ጎማ ከማዞር ሌላ ሥራ የሌለው መሆን አለበት። ያኔ ዘንጉ ቢሰበር እንኳ ጎማው ከቦታው አይነቀልም። ከዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ጎማው የሰው ቁመት ቢያክል፣ ኢስማዒል "ቆንጆ መኪና ነው" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ያንን ስም አይሰጠውም።

አሳምነው ይህን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል። ሁለቱ የተዋወቁት ወጣት ሳሉ አሰብ ነው፤ አንዱ የወደብ ጋራዥ መካኒክ፣ አንዱ የተሳቢ ሹፌር ሆነው። ኦክላንድ ከመጡ በኋላ አሳምነው አሥራ ስድስት ዓመት የኩባንያ አውቶቡስ ነዳ፤ ጠዋት ኢንጂነሮቹን ከሌክ ሜሪት ወደ ማውንቴን ቪው፣ ማታ ደግሞ መልሶ። "አንድ ቀን መስመር ያልተሰመረበት ቦታ እነዳለሁ" ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ ጂፕ ገዝቶ እየጠፋበት እያስነሳ ኢስማዒል ጋራዥ አደረሰው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጂፑ ሥር ተጋድመው እየተሰዳደቡ ይውላሉ። የፊቱን አክስል ከአንድ ፒክአፕ አውጥተው በስድስት ወር ገጠሙት። የኋላው ግን ያው የጂፑ ነበር፤ ኢስማዒል "ግማሹ" ይለዋል፣ ግማሽ ቶን ማለቱ ነው። ጂፑ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚሄዱበት ቦታ ሆሊስተር ነው፤ ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ቢነዱ የሚደረስበት፣ እንዲህ ያሉ መኪኖች የሚፈተኑባቸው የአፈር ኮረብታዎች ያሉበት። አሳምነው ካርታውን አትሞ፣ መጀመሪያ የሚወጣትን ትንሿን ኮረብታ በቀይ ከብቦ፣ ከመሪው አጠገብ ለጠፈው።

ሕመሙ ከገና በኋላ መጣ። ሐኪሟ ውጤቱን ልትነግረው ስትል አሳምነው ራሱ ለልጄ ይነገር፣ እሷ የተማረች ናት አለ። ልጁ ሩሓማ ሳኒቬል ቢሮ የምትሠራ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ሌላ ማንም የሌላት ልጅ ናት። ሰማችና ለአባቷ "ጨጓራ ነው፣ መድኃኒት አለው" አለችው። እሱን ቤት አድርሳ በቀጥታ ጋራዡ መጣች።

"ጋሼ፣ ካንሰር ነው። ስፕሬድ አድርጓል። ዶክተሯ ሜይቢ እስከ ሰመር ነው ያለችው።" ቆማ ታለቅሳለች። "አባዬ እንዳያውቅ። ፕሊዝ፣ ይማሉልኝ።"

ኢስማዒል ማለ። ማን አይምልም? በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ሞቱን የሚነግር ከገዳይ አይለይም። የገዛ እናቱንም "ወባ ነው" እያለ ነበር የሸኛት።

ከሦስት ቅዳሜ በኋላ አሳምነው ጋራዡ መጣ። ከመኪና ሥር መግባት አቅቶት ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

"ኢስማዒል፣" አለ፣ "የኋላው መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ለምን በዚሁ ቀስ ብለን ሆሊስተር ደርሰን አንመለስም? ትንሿን ኮረብታ ብቻ።"

ኢስማዒል የቡሎን መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። "እሺ" የምትለው ቃል ከአፉ ደርሳ ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ "ሳያልቅ አይወጣም" ሲል የኖረ ሰው ዛሬ ተነስቶ "በግማሹ እንሂድ" ቢል፣ አሳምነው ሞኝ አይደለም፤ ለምን እንደተቸኮለለት ይገባዋል። ያቺ እሺ መርዶ ልትሆን ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮው ተቆጣ።

"በግማሹ? ስሜን ልታጠፋው ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ምን አስቸኮለህ? ጊዜ አለን።"

አሳምነው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "አንተ ከተቆጣህማ ደህና ነኝ ማለት ነው" አለ። ኢስማዒልን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ያ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ኢስማዒል አክስል ፍለጋ አበደ። ከሳክራሜንቶ እስከ ሳን ሆዜ የአሮጌ መኪና ግቢ የቀረው የለም። ተገኘ የተባለው ወይ የተሰነጠቀ ነው ወይ የተጣመመ። ሌላ ሰው ቢሆን የተጣመመውንም አቃንቶ ይገጥም ነበር፤ እሱ ግን መለሰው። በአፉ የዋሸውን በብረት ላለመድገም ነው መሰለኝ።

በሚያዝያ አሳምነው ከአልጋ መውረድ ተወ።

"አክስሉስ?" ይላል፣ ኢስማዒል በገባ ቁጥር።

"እየመጣ ነው።"

"አይዞህ፣ አትቸኩል፤ ጊዜ አለን" ይለዋል በሽተኛው፣ ጤነኛውን ሲያጽናና። ኢስማዒል እጄን ልታጠብ ብሎ ይወጣና ውሃውን ከፍቶ ያለቅሳል።

ግንቦት ሳያልቅ አረፈ። ከተቀበረ በሳምንቱ ከሳን ሆዜ ስልክ ተደወለ፤ እንከን የሌለው የኋላ አክስል ተገኝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ኢስማዒል ብቻውን ገጠመው፤ ቡሎኖቹንም ሁለት ሁለት ጊዜ አጠበቀ። አርባው ካለፈ በኋላ ሩሓማን ጠራትና በጂፑ ወደ ሆሊስተር ወረዱ።

"ጋሼ፣ አሁን ዋን ተን ነው?" አለች፣ አባቷ የለጠፈውን ካርታ እያየች።

"አዎ። አሁን ምንም አልጎደለውም።"

በቀይ የተከበበችውን ኮረብታ አገኟት። ኢስማዒል ማርሹን አሳንሶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጀመረ። ጂፑ ሳያጓራ፣ አንድ ጎማ እንኳ ሳይንሸራተት ወጣ። ጫፉ ላይ አንድ ቤተሰብ ምንም ያልተነካካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ፒክአፕ አቁሞ ልጆቹን ሳንድዊች ያበላል።

"ዛትስ ኢት?" አለች ሩሓማ። "ይሄ ነው በቃ?"

ኢስማዒል ሞተሩን አጠፋ። ፒክአፑን ከሥር እስከ ላይ አየው፤ የኋላ አክስሉ ከጂፑ የድሮ "ግማሽ" አይሻልም።

"በድሮውም ይወጣ ነበር" አለ። ከዚያም የባልዲውን ቀን ነገራት፤ አሳምነው ምን እንደጠየቀው፣ እሱም ምን ብሎ እንደመለሰለት፣ ለምን እንደተቆጣም።

"እኔ ነኝ ያስማልኩዎት" አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል። "ቢያውቅ ኖሮ በዚያው ሳምንት ይመጣ ነበር። እኔ ነኝ አይደል፣ ጋሼ?"

ለሐዘንተኛ የሚባለው "አይ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" ነው። ኢስማዒል ሊላት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

"ሁለታችን ነን፣ ልጄ" አላት፣ እጇንም ያዘ።